ሁለት ሰው የምታስተኛ መኪና

ከሁሉ በፊት ስለ ግብዣ ሕግ እናውራ፤ ሕጉን የማያውቅ ሰው ወዳጄን ንጉሡን ምን እንዳገኘው አይገባውም።

ሰው ማዕድ ላይ ሳለ ከደረስክ «እንብላ!» ይልሃል። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፍህ ባይዞርም «ብሉ፣ ይባረክ፣ አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» ትላለህ። «ኧረ ባክህ!» ይልሃል። «እውነቴን ነው» ትላለህ። በሦስተኛው «በሞቴ!» ሲመጣ ግን ምን ይደረጋል፤ የሰው ሞት ነውና እጅህን ታጥበህ ትቀርባለህ። በመጀመሪያው የተቀመጠ ሆዳም ነው፤ በሦስተኛውም ያልተቀመጠ ኩራተኛ ነው። ይህን በልጅነታችን በቁንጥጫ ነው የተማርነው። ሰው ቤት ሄደን ሙዝ ሲሰጡን ቶሎ የተቀበልን ዕለት የደረሰብንን ጭናችን ያውቀዋል።

አሜሪካ ይህን ሕግ አታውቅም። አንድ ጊዜ ትጠይቅሃለች፤ «አይ» ካልክ ሳህኑን ታነሳዋለች። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ ፒዛ ገዝቶ «ትበላለህ?» አለኝ። እንደ ጨዋ ልጅ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠባበቅ ፒዛው አልቆ ካርቶኑ ቆሻሻ ውስጥ ገባ። ስንትና ስንት ዓመት አለፈ፤ ያ ፒዛ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ንጉሡ ግን ሕጉን ይዞት መጥቶ ዛሬም ድረስ እንደ ጥንቱ ይኖርበታል። ሥራው ክሪስታል ሲቲ የፓርኪንግ ኃላፊነት፣ ቤቱ የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ነው፤ በጋባዥነት ከቨርጂኒያ እስከ ሜሪላንድ የሚስተካከለው የለም። ሰው ሳይጋብዝ የመኪናውን በር መክፈት አይሆንለትም። አንድ ቀን የጥርስ ሐኪም ጋ ሲሄድ መንገድ ላይ አግኝቶኝ «እንሂድ እንጂ!» ብሎኛል። ክፋት የለበትም፤ ቃሉ እንደ ማስነጠስ ያመልጠዋል። «አይ፣ አንተ ሂድ» ካልከው ደስ ብሎት ይሄዳል። «እሺ» ካልከው ደግሞ፣ ቢደነግጥም፣ ይዞህ ይሄዳል።

ሚስቱ ስመኝ የምትሠራው ሆቴል ነው፤ እዚያው ክሪስታል ሲቲ፣ ሃውስኪፒንግ። ቀን የሰው አልጋ ስታነጥፍ ውላ ቤቷ ስትገባ፣ ሳሎኗ ውስጥ የሚዘረጋው ሶፋ ላይ አንድ ዲቪ ደርሶት የመጣ እንግዳ ተጋድሞ ታገኛለች። ያንን ሶፋ በደንብ አውቀዋለሁ። እኔም በዲቪ ስመጣ ሥራና ቤት እስካገኝ ከርሜበታለሁ፤ መሐሉ ላይ ያለው ብረት እንዴት እንደሚወጋ ጎኔ አልረሳውም። ከሁሉ የማልረሳው ግን ስመኝን ነው። ማለዳ ለሥራ ስትወጣ እንዳትቀሰቅሰኝ ብላ መብራት ሳታበራ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ በጣቷ እየረገጠች ታልፍ ነበር። ነቅቼ አያታለሁ። እንዳትሳቀቅ ብዬ የተኛሁ እመስላለሁ። ከእኔ በፊትም ሌላ ሰው ነበረበት፣ ከእኔ በኋላም ብዙ ሰው መጣ። ያ ሶፋ ታጥፎ እንደ ሶፋ የተቀመጡበትን ቀን ያየ የለም።

ኦባማ ለሁለተኛ ጊዜ በተመረጠበት ዓመት፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ስመኝ የምታጸዳው ክፍል ውስጥ ሁለት ሽማግሌ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት አረፉ። ሴትየዋ ጨዋታ ትወዳለች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየቻት፦ አልጋና ምድጃ ያላት ነጭ መኪና ባሕር ዳር ቆማለች፤ ከፊቷ ሁለት ታጣፊ ወንበሮች፣ ከኋላዋ ፍሬው የተንዠረገገ የብርቱካን ዛፍ። ፎቶው የተነሳው በፌብሩዋሪ ነው። በየዓመቱ አገራቸው ሲበርድ ወደ ፖርቱጋል ደቡብ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በድልድይ ወደ ስፔን ይሻገራሉ፤ ደስ ባላቸው ቦታ ቆመው ያድራሉ።

«እንግዳ ሲመጣባችሁ የት ታስተኛላችሁ?» ብላ ጠየቀቻት ስመኝ።

ሴትየዋን ጥያቄው ግራ አጋባት። «ምን እንግዳ? መኪናዋ የምታስተኛው ሁለት ሰው ብቻ ነው» አለቻት።

ስመኝ ይህን ስትነግረኝ ባሕሩንና ብርቱካኑን በአንድ ቃል አለፈቻቸው። «ሁለት ሰው ብቻ» የሚለውን ግን ደጋግማ አለችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ገባኝ። «ቦታ የለንም» ለማለት አፏን መክፈት የማያስፈልጋት ቤት ነው ያየችው። እሷ ዝም ብትል እንኳ መኪናዋ ትናገርላታለች።

ልጃቸው ሳሌም እዚሁ የተወለደች፣ ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ የሆነች ልጅ ናት። እናቷ እንደ እንግሊዞቹ መሄድ እንዳማራት ስትነግራት ቁጭ ብላ ሁሉንም ጨረሰችላቸው፤ ለየካቲት ለሁለቱም የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠች፣ እንደዚያች ያለች የኪራይ መኪናም ያዘች። «ማም፣ ሪዘርቭ አድርጌላችኋለሁ። ፋሮ ኤርፖርት ላይ ፒክ አፕ ታደርጓታላችሁ። ሺ ኢዝ ሶ ኪውት! ግን ማንዋል ናት፣ ኦኬ? ኦቶማቲክ የላቸውም።»

ማንዋል መሆኗ ስመኝን ጭራሽ አስደሰታት። አባቷ ኮምቦልቻ የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ፤ ማርሽ የተማረችው ከእሳቸው ነው። እኔ ደግሞ ከታክሲዬ ሌላ፣ ሰው ሁሉ «ጣላት» የሚለኝ ባለ ማርሽ አሮጌ ቶዮታ አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ እየመጣች፣ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ጀርባ ባለው ፓርኪንግ ትለማመዳለች። ፍሪሲዮኑን መጀመሪያ እንደ ረገጠች ትዝ አላት። ወደ ኋላ ስትነዳማ እኔ ባለ ታክሲው አፈርኩ። በየመሐሉ መንገዱን በቃሏ ትወጣልኛለች፦ ፋሮ፣ ታቪራ፣ ጨው የሚመረትበት ሜዳ፣ የለውዝ ዛፍ ነጭ አበባ፣ ድልድዩ፣ ሴቪያ፣ ካዲዝ። ሰው እንደዚያ ደስ ሲለው በቅርብ ሆኖ ማየት እንዴት ጥሩ ነገር ነው!

ንጉሡ እንዲለማመድ ብንጠራው አልመች አለው። ለካ እሱ ሥራ ይዟል፤ ሰው እየጋበዘ ነው።

የመጀመሪያው ተጋባዥ እኔ ነበርኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ክርስትና ላይ፣ ሳህናችንን ይዘን ተሰልፈን ሳለ ስለ ጉዞው ነገረኝና «እና በፍቃዱ፣ እንሂድ እንጂ!» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ዘለለ። ብቻዬን ነው የምኖረው። ክረምት በመጣ ቁጥር ታክሲዬ ውስጥ ማሞቂያ ለኩሼ፣ የኤርፖርት ሰልፍ ላይ ጨለማ ሰማይ ሳይ ነው የምውለው። ያ ነጭ መኪና፣ ያ ብርቱካን በዓይኔ ሄደ። ግን ሕግ ሕግ ነው። «ኧረ አይሆንም፣ እናንተ ሂዱ» አልኩና ሁለተኛውን ጠበቅኩ።

«እሺ በቃ» ብሎ ጥብስ ሊጨምር ሄደ!

ጥብስ! እኔን የሚያህል ወዳጁን በአንድ «አይ» ሸኝቶ! አኩርፌ ኬኩ ሳይቆረስ ወጣሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ልክ ነበር። መኪናዋ የሁለት ሰው ናት፤ እኔ የት ልገባ ነበር? ቢሆንም ሁለተኛውን መጠየቅ ነበረበት። የማልሄድበትን ቦታ ቢሆንም በደንቡ ተለምኜ ነው መቅረት የምፈልገው።

ከእኔ ቀጥሎ እህቱ እትዬ አረጋሽ ተጠየቁ። ግሪንቤልት ነው የሚኖሩት፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ከቤተ ክርስቲያንና ከሐኪም ቤት በቀር የትም አይሄዱም። «እትዬ፣ እንሂድ እንጂ!» አላቸው በስልክ፣ እንደ ልማዱ።  እትዬ አረጋሽም «እሺ» አሉ። በመጀመሪያው! ንጉሡ ስልኩን ዘግቶ ለረጅም ጊዜ ግድግዳ ሲያይ ነበር አለችኝ ሳሌም።

ሰው ከእንዲህ ዓይነት አደጋ ይማራል ትላላችሁ። በሳምንቱ የእድራችንን ሊቀመንበር ጋሽ አበጀን ሮክቪል አገኛቸው፤ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ እታለማሁ ጋር ገበያ ወጥተው ነበር። አፉ ቀደመው። ጋሽ አበጀ የግዢውን ጋሪ አቁመው ባለቤታቸውን አዩ፤ ባለቤታቸው እሳቸውን አዩ። «እሺ እንጂ፣ ደስ ይለናል» አሉ።

ሳሌም የስድስት ሰው መኪና ለመፈለግ ተገደደች። «ዳድ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ይሄ እኮ የማም ቫኬሽን ነው!»

«ምን ላድርግ፣ እሺ አሉኝ» አለ ንጉሡ።

«ሶ ለምን ጠየቅካቸው?»

«እንዴት አልጠይቃቸውም?»

ልጅቷ ላፕቶፗን ይዛ ወደ እናቷ ሄደች። ስመኝ አንድ ነገር ብቻ አለቻት። «ትልቁን ያዢላቸው። ትንሿን ግን ካንስል እንዳታደርጊ።»

ከዚያማ ጉዞው ጉዞ መሆኑ ቀርቶ ስብሰባ ሆነ። ጋሽ አበጀ ባሉበት ነገር ሁሉ ሰብሳቢ ይኖረዋል፣ ሰብሳቢውም እሳቸው ናቸው። አሌክሳንድሪያ፣ በዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ ስመኝ ሳምቡሳና ሻይ እያመላለሰች፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። እኔም የሚነዳ ሰው አስተያየት ያስፈልጋል ተብዬ ተጠርቼ ነበር። መሄድ ያልተፈቀደልኝ አማካሪ ማለት ነው።

«በመጀመሪያ፣ እዚያ አገር ሐበሻ አለ ወይ?»

«ማድሪድ የዲያቆናችን አማች አለ» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ።

«እንግዲያው በማድሪድ እናልፋለን።»

ሳሌም ካርታውን አሳየቻቸው። «ማድሪድ ከመንገዱ አውት ነው። ላይክ፣ ፋይቭ አወርስ።»

«አምስት ሰዓት ምን አላት? ሰው አገሩ ድረስ ሄደን ሳንጠይቀው ብንመለስ ምን ይለናል?»

«አያውቃችሁም እኮ!»

«ለዚህ ነው የምንጠይቀው፤ እንድንተዋወቅ» አሉ ጋሽ አበጀ፣ ልጅቷ ምን ነካት በሚል ዓይን።

ወይዘሮ እታለማሁን ያሳሰባቸው ሌላ ነው። «መኪና ውስጥ ማደራችን ግን አልገባኝም። ሰው ቢያየንስ? ቤት የሌላቸው ናቸው ቢለንስ?»

«ማን ያውቀናል?» አለ ንጉሡ።

«የማድሪዱ ሰው!»

በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ በበረዶ የሚሄደው ዶሮ ወጥ ተነሳ። ማን ወጥ ይሠራል ተባለና ሁሉም ወደ ስመኝ ሳይዞር ስመኝ ተባለ። ከዚያ ወደ መኝታ ተገባ። የኋላው ሰፊ አልጋ፣ በዕድሜም በሥልጣንም ስለሚገባቸው፣ ለጋሽ አበጀና ለባለቤታቸው ተሰጠ። እትዬ አረጋሽ መሰላል መውጣት ስለማይችሉ ጠረጴዛው ታጥፎ የሚሆነውን አልጋ ወሰዱ። ከሹፌሩ ወንበር በላይ ያለው አልጋ ግማሹ ለንጉሡ፣ ግማሹ ለድርቆሹና ለሻንጣው ሆነ።

«ስመኝስ?» አልኩ እኔ፣ ያልተጠየቅኩት ሰውዬ።

«ስመኝ አታስቸግርም» አሉ እትዬ አረጋሽ፣ ከልባቸው እያመሰገኗት። «በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ይዘረጋል ተብሏል። እሷ የትም ትሆናለች።»

ስመኝ ትሪውን እንደ ያዘች ቆማ ሰማች። ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም። ጎኔን ያ ብረት የወጋኝ መሰለኝ። ከባሕር ማዶ ተሻግራ፣ የራሷን የእረፍት ጉዞ ሄዳ፣ የምትተኛው የሚዘረጋ ወንበር ላይ ነው! ንጉሡም ሰምቷል፤ አንገቱን አቀርቅሮ ሻዩን ያማስላል። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለልምምድ መጣች። መንዳቱን ድሮ ችላዋለች፤ ለመቀመጥ ነው የመጣችው። ፓርኪንጉን አንዴ ዞራ ሞተሩን አጠፋችው።

«በፍቃዱ፣ ያን ዕለት ንጉሡ እንሂድ ሲልህ ለምን አይሆንም አልክ?»

«ደንቡ ነዋ! ሁለተኛ እስኪለኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

«መሄድ ትፈልግ ነበር?»

«በጣም።»

«ሁለተኛ ሳይልህ ሲቀርስ?»

«ይኸው ቀረሁ።»

ተያይተን ሳቅን። ከዚያ እሷ ሳቋን ቶሎ አቆመችና ማርሹን በመዳፏ አሻሸች። «እኔ ደግሞ» አለች፣ «ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አይሆንም ብዬ አላውቅም። በመጀመሪያውም፣ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም።»

ለጉዞው ሳምንት የማይሞላ ጊዜ ሲቀር፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ሁላችንም አሌክሳንድሪያ ምሳ ላይ ተገኘን። ጋሽ አበጀ የጥናታቸውን ውጤት ይዘው መጥተዋል። የካቲት ብርድ ነው፤ ሁዳዴም ሊገባ ነው፤ የማድሪዱ ሰው ደግሞ በዚህ ወቅት ሥራ ይበዛበታል። ስለዚህ እነሱ ቲኬት አልቆረጡም፤ ጉዞው ወደ ሐምሌ ይዛወር። ሐምሌ ላይ እንዲያውም የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ አብረው ይመጣሉ፤ መኪናው ካልበቃ ሁለት ይያዛል።

«ሐምሌ ጥሩ ነው» አለ ንጉሡ፣ ወደ ስመኝ ሳያይ። «የእኛን ቲኬት እናስቀይራለን።»

ስመኝ ሽርጧን ፈታች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንግዳ ባለበት ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ያየኋት የዚያን ቀን ነው፤ ሁላችንም ማጉረስ መጉረሱን አቆምን።

«ትንሿ መኪና አልተሰረዘችም» አለች። «ቲኬቱም አልተቀየረም። እኔ ሐሙስ እሄዳለሁ።»

 ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ፣ ፈገግ ብላ፣ «ንጉሡ፣ እንሂድ» አለችው።

ሰውዬውን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። መሄድ ፈልጓል፤ ፊቱ በራ፣ ከወንበሩ ብድግ ሊል ምንም አልቀረው። ግን ዓይኑ ቀድሞት ዞረ፤ እህቱን አየ፣ ጋሽ አበጀን አየ፣ ወይዘሮ እታለማሁን አየ፣ እኔን ሳይቀር አየ። «ኧረ… እንዴት ይሆናል… ሰዎቹን ጥዬ… አንቺ ሂጂ» አለ።

ብሎም ጠበቀ። ሁላችንም ጠበቅን። «ኧረ ባክህ» ትለዋለች፣ ትንሽ ያንገራግራል፣ «በሞቴ» ትለዋለች፣ ምን ይደረግ ይላል፣ ይሄዳሉ። እኔ በሆዴ «በያ፣ ስመኝ፣ በያ!» እላለሁ።

«እሺ» አለች ስመኝ።

ብላም ተነሳችና ሻይ የሚፈልግ ካለ ጠየቀች። አንድ ጊዜ ብቻ።

ሐሙስ ሳሌም ኤርፖርት አደረሰቻት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛ ደግሞ ንጉሡን ልናጽናና ሄድን፤ እንዴት እንደ ሆነ አላውቅም፣ ሁሉም እንደ ለቅሶ ቤት ምግብ ተሸክሞ ነው የመጣው። ንጉሡ ፊቱ ዳማ ከሴ መስሏል። ሶፋው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን።

«ሁለተኛ እንኳ አላለችኝም» ይላል። «አንድ ጊዜ ሁለተኛ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

እኔ ስለ ጥብሱ ላነሳበት አፌን ከፍቼ ተውኩት። በሐዘን ላይ ነው።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አሉ እትዬ አረጋሽ ድንገት። «እኔን ብለህ ቀረህ። አንተ ልጅ፣ በዚህ ጉልበቴ እኔ መች መሄድ ፈልጌ! እምቢ ብለው ይከፋዋል ብዬ እኮ ነው እሺ ያልኩህ።»

ንጉሡ ቀና አለ። «ምን አሉኝ?»

ጋሽ አበጀ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ከተነሳ አይቀር… እኔም ባሕር ዳር ማደር ለጤናዬ አይስማማኝም። በገበያ መሐል አክብረህ ስትጠይቀን ዝቅ እንዳናደርግህ ብለን ነው። ወደ ሐምሌ ያስተላለፍኩትም እስከዚያው ይረሳ ይሆናል ብዬ ነው።»

«እኔማ ተስዬ ነበር፣ ጉዞው እንዲቀር» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ።

ንጉሡ አንድ በአንድ አየን። እሱ ለይሉኝታ ጋበዘ፤ እነሱ ለይሉኝታ እሺ አሉ። በዚያ ሁሉ ስብሰባ፣ በዚያ ሁሉ ድርቆሽ መሐል፣ ስፔንን ማየት የፈለገች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እኔም አለሁ፤ ግን እኔን ማን ይቆጥረኛል! አንዱ ሳቁ መጣበትና አፈነው።

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ስመኝ ናት። ንጉሡ ተሽቀዳድሞ ሲያነሳ ድምፁን ለሁላችንም ለቀቀው።

«ንጉሡ፣ ታቪራ ገባሁ። ለውዙ አብቧል። የሳሎኑን ማሞቂያ ደግሞ…»

«እሺ!» አለ ንጉሡ።

«ምኑን ነው እሺ?»

«እመጣለሁ! እሺ ብያለሁ!»

«መች ጠየቅኩህ?» አለች። ከኋላዋ የወፍ ድምፅ ይሰማል። ንጉሡ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ አፉ አስጠጋው፤ ሁላችንም ተጠጋን። ድምፅዋ ለስልሶ፣ «አልጋው እኮ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያስተኛው» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ብቻህን ትመጣለህ?»

«ብቻዬን።»

«እንግዲያው መንገድ ላይ ማንንም እንሂድ ሳትል ና።»

ወይዘሮ እታለማሁ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እትዬ አረጋሽ ተነስተው የወንድማቸውን ሻንጣ ሊያወርዱ ሄዱ፤ ጉልበታቸውን ያን ጊዜ አላመማቸውም። ሳሌም ያለፈበትን ቲኬት በላፕቶፗ እያስቀየረች «ፋይናሊ!» ትላለች። ጋሽ አበጀ የጉዞውን ኮሚቴ በይፋ አፈረሱ።

በማግስቱ ዱለስ ኤርፖርት ያደረስኩት እኔ ነኝ፣ በታክሲዬ። ቀኑ ግራጫ ነው፤ ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌይ ላይ፣ በረዶ ያዘለ ዝናብ ይዘንባል። ንጉሡ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ኤርፖርት ድረስ አፉን ሲጠብቅ መጣ፤ የነዳጁን ሒሳብ የተቀበለንን ሰውዬ እንኳ በጥቅሻ ነው ያመሰገነው። በሩ ጋ ቆምን። ሻንጣውን አወረድኩለት፤ ተቃቀፍን። በእጁ የስመኝን ወፍራም ሹራብ ይዟል፤ ታቪራ ማታ ማታ ይበርዳል ብሎ።

«በል እንግዲህ» አለኝ። ደስታው ፊቱ አልበቃው ብሎ ሞልቶ ይፈሳል። እንዲህ ደስ ያለው ሰው ደግሞ ደስታውን ለብቻው ይዞ መሄድ አይችልበትም። «በል እንግዲህ በፍቃዱ… እንሂድ እንጂ!»

አለና ደርቆ ቀረ። እጁን ወደ አፉ ሰደደ፤ ግን ወጥቷል።

ሁለተኛዬ ናት። ከዚያ ክርስትና ጀምሮ ስጠብቃት የነበረች። በሕጉ መሠረት አንድ ደረጃ ብቻ ነው የቀረኝ። የታክሲዬ መጥረጊያ ከኋላዬ ይንቋቋል። ዝናቡ አንገቴ ውስጥ ይገባል። ያ ብርቱካን እንደገና በዓይኔ ሄደ። ከዚያ ደግሞ ጫማዋን በእጇ ይዛ በጨለማ ሳሎን በጣቷ የምታልፈው ሴት ታየችኝ፤ ባሕሩ ዳር ያሉት ሁለቱ ወንበሮች ታዩኝ።

«አይሆንም» አልኩት። «እውነቴን ነው። ሂድ።»

ዓይኔን አየኝ። በሩን አየ። «እሺ በቃ» አለና ሻንጣውን እየጎተተ፣ አንዴም ዞሮ ሳያይ፣ ሮጦ ገባ። ከኋላው ስቄ ወደ ታክሲዬ ተመለስኩ። ሦስተኛ ጊዜ ቢለኝ ኖሮ ግን፣ እንጃ።